ካሳ የሚለው ስም፦ ከጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ፒያሳ ላይ ቆማችሁ «ካሳ!» ብላችሁ ብትጣሩ ዞር የሚል ሰው አይጠፋም። እኛም ቤት አንድ አለ፤ አጎቴ። በእሱ ምክንያት ይሁን ታሪክ ስለምወድ፣ ስለዚህ ስም የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። ልጅ ሊወልዱ የተቃረቡ አሉ። ውጭ አገር አድገው የአያታቸው ስም ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቁ አሉ። ፈተና የደረሰባቸው ተማሪዎችም አሉ፤ እነሱ ሁልጊዜ የሚመጡት በመጨረሻው ሌሊት ነው። ለሁሉም አንድ ላይ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ካሳ ማለት ምን ማለት ነው?

ለጠፋ ወይም ለተጎዳ ነገር የሚከፈል ማለት ነው። ጎረቤትህ ከብቶቹን ለቆ እህልህን ቢያስበላ፣ ሽማግሌ ገምቶ የሚያስከፍለው ካሳ ነው። መንገድ ሲሰፋ አጥርህ ቢፈርስ የሚሰጥህም ብር ካሳ ነው። ግሡ ካሰ ይላል፤ መካስ፣ መካካስ፣ ተካሰ እያለ ይረባል። ሐዘን ቤት ገብተን «እግዜር በሌላ ይካስሽ» የምንለውም ከዚሁ ነው። ስሙን ለመረዳት ይቺን ምርቃት መያዝ ይበቃል።

ክስ ከሚለው ቃል ጋር ግን አታምታቱት። ክስ ከከሰሰ ነው የመጣው። ፍርድ ቤት ሁለቱ አብረው ስለሚውሉ ዘመድ ይመስላሉ እንጂ አይዛመዱም።

ታዲያ ለልጅ ለምን ይሰጣል?

ብዙውን ጊዜ ከእሱ በፊት የሞተ ስላለ ነው።

ክትባት ባልነበረበት ዘመን ኩፍኝ ወይም ፈንጣጣ አንድ መንደር ከገባ ስንት ቤት ባዶ አድርጎ ይወጣ ነበር። አንዲት እናት አሥር ወልዳ አራት ብታሳድግ ማንም አይደነቅም። ከሐዘን በኋላ የመጣ ልጅ እንግዲህ እንደማንኛውም ልጅ አይጠራም። ምትኩ ይባላል፤ ተካ፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ፣ አስረስ ይባላል። ካሳም ይባላል።

እነዚህን ስሞች አንድ አድርጎ የሚያያቸው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ልዩነት አላቸው ባይ ነኝ። ምትኩ የሞተውን ቦታ የሚይዝ ነው። ማስረሻ ስሙ እንደሚለው ሐዘኑን ሊያስረሳ የመጣ ነው። ካሳ ማንንም አያስረሳም። ካሳ ያልከው ልጅ በተጠራ ቁጥር «አንድ የጠፋብን ነገር ነበር» እያልክ ነው። ዕዳው ተከፈለ እንጂ አልተሰረዘም።

አያቴ ከአጎቴ በፊት አንድ ወንድ ልጅ በኩፍኝ ሞቶባታል። የዚያን ልጅ ስም ቤታችን ውስጥ ሰምቼው አላውቅም። አይነሳም። ግን በቀን ሃያ ጊዜ «ካሳ! ውኃ ቅዳ»፣ «ካሳ! ዶሮዎቹን አስገባ» ሲባል ነው ያደግሁት። አሁን ሳስበው፣ አያቴ ሁለቱንም ነበር የምትጠራው። አጎቴ ራሱ ነገሩን በቀልድ ነው የሚያወራው፦ «እኔ ስወለድ ጀምሮ የሰው ዕዳ ከፋይ ነኝ» ይላል።

ስለዚህ ካሳ የሚባል ሰው ሁሉ ወንድም ወይም እህት ሞቶበታል ማለት ነው?

አይደለም። ለረጅም ጊዜ ሳይወልዱ ቆይተው የወለዱም ካሳ ይላሉ፤ የተካሰው የመጠበቁ ጊዜ ነው። በእናቱ ሆድ ሳለ አባቱ የሞተበት ልጅም ሊባል ይችላል። ርስት የተነጠቀ፣ ከብቱ ያለቀበት፣ ከአገሩ የተሰደደ ቤተሰብም ይሰጠዋል። እንዲሁ ለአያት መታሰቢያ ብቻ የሚያወጡትም አሉ። ሰውየው ፊት «ማን ሞቶባችሁ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ከፈለገ እሱ ይነግራችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አካባቢ ሰው ሲገደል ሽማግሌዎች ገብተው ደም ያደርቃሉ፤ የገዳይ ወገን ለሟች ወገን ይክሳል። ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ የተወለደ ልጅ ካሳ ቢባል ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ታርቀናል። ደመላሽ ከተባለ ግን ሌላ ነው። ያ ስም ገና እርቅ አላወረደም።

ስሙ የአማራ ብቻ ነው?

ኧረ በጭራሽ። ትግርኛም ካሕሳ ይላል፤ ያው ካሳ ነው። ካሕሳይ የሚለው የትግርኛ ስም «ካሳዬ» ማለት ነው። አማርኛ ያንን ከጉሮሮ የሚወጣ «ሕ» ድምፅ በብዙ ቃላት ውስጥ ጥሎታል። ትግርኛ ላሕሚ ሲል እኛ ላም እንላለን። ካሕሳም እንዲሁ ካሳ ሆነ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ አፄ ዮሐንስ ጋ ስንደርስ ትጠቅመናለች።

ወለጋም ሸዋም ስሙ አለ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ካሳ ወልደ ማርያም ትውልዳቸው ከወለጋ ነው።

ለሴት ይሆናል?

ካሳ ብቻውን ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ለወንድ ነው። ለሴት ካሳነሽ አለ። ካሳዬ ለሁለቱም ይሆናል።

ከካሳ የወጡት ሌሎች ስሞችስ?

ካሳሁን («ካሳ ሁንልኝ» ነው ነገሩ)፣ ካሳዬ፣ ካሴ፣ ካሳው፣ ካሳይ። ካሳሁን በከተማ ከሁሉም በላይ የተለመደው ይመስለኛል። ካሴ ደግሞ እኛ ጋ የቁልምጫም ነው። መዝገብ ላይ ካሳ የተባለው ሰው እናቱ ፊት ካሴ ነው።

የክርስትና ስም ነው?

አይደለም፣ የዓለም ስም ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ሲነሱ ቄሱ ሌላ ስም ይሰጣል፤ ገብረ ምናምን፣ ወልደ ምናምን፣ ወለተ ምናምን። ካሳ የሚለውን እናት ወይም አያት ነው የምታወጣው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለጸሎት የሚጠራው የክርስትናው ነው።

አፄ ቴዎድሮስ ስማቸው ካሳ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ካሳ ኃይሉ። የተወለደው በ1811 ዓ.ም. አካባቢ ቋራ ነው። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ናቸው። ቤተሰቡ ሲጎሳቆል ጎንደር ከተማ ኮሶ ሸጠው ኖረዋል ይባላል። «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚለው ስድብ እድሜ ልኩን ተከትሎታል። ለነገሩ በዚያ ዘመን ኮሶ የማይጠጣ ሰው አልነበረም፤ መሳፍንቱም ጠጥተውታል። መሸጡ ለምን ነውር እንደሆነ አይገባኝም።

እዚህ ላይ ስለ ሰዋስው አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከላይ «ተወለደ» አልሁ እንጂ «ተወለዱ» አላልሁም። ጎንደሬ ካሳ ሲል አንተ ብሎ ነው። ቴዎድሮስ ሲል ግን አንቱ ይላል። ካሳ የሰፈር ልጅ ነው፤ ቴዎድሮስ ንጉሥ ናቸው። እኔም እንደዚያው እቀጥላለሁ።

ካሳ ሸፍቶ ቆላ ወረደ። ከዚያ ከመሳፍንቱ ዋና የነበሩትን የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን አገባ። ከዚያ ደግሞ የአማቱን ጦር መምታት ጀመረ። በ1845 ዓ.ም. በኅዳር ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን ጣለ። በዚያው ዓመት በሰኔ አይሻል ላይ ራስ አሊን አሸነፈ። በ1847 ዓ.ም. በየካቲት ሰሜን በሚባለው አገር ደረስጌ ላይ የዚያን አገርና የትግራይን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ማረከ። ከዚያ በጥቂት ቀን ውስጥ እዚያው ደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ቀብተው አነገሡት። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ውቤ ራሳቸው ነበሩ። ሲገባ ካሳ፣ ሲወጣ ቴዎድሮስ ሆነ። ሆኑ ልበል።

ታዲያ ካሳ የሚለውን ለምን ተዉት? ለምን ቴዎድሮስ?

ቴዎድሮስ የመጣው ከግሪክኛ ነው፤ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው። ትርጉሙ ግን ዋናው ምክንያት አልነበረም። ፍካሬ ኢየሱስ የሚባል ጥንታዊ መጽሐፍ አለ። በዚያ ውስጥ ዓለም ከከፋችና ሰው ከተማረረ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣና ሰላም እንደሚመጣ ይነገራል። ዘመነ መሳፍንት ውስጥ የነበረ ሕዝብ ይህን ትንቢት እንዴት ይጠብቀው እንደነበር ገምቱ። ነጋሪት ሲመታ ገበሬው ጎተራውን መደበቂያ ያጣ ነበር። ስለዚህ ካሳ ስም አላወጣም፣ ስም ያዘ። ስሙ ከእሱ በፊት ሰው ይጠብቅ ነበር።

ቴዎድሮስ የተባሉ ንጉሥ ከዚያ በፊትም ነበሩ፤ ከ1400 ዓ.ም. ብዙም ሳይርቅ ለአንድ ዓመት ያህል ብቻ የነገሡ። ለዚህ ነው የእኛዎቹ ዳግማዊ የሚባሉት።

ካሳ ከቴዎድሮስ ሌላ ሦስተኛም መጠሪያ ነበረው። የፈረሱ ስም ታጠቅ ስለነበር አባ ታጠቅ ይባላል። በቀረርቶ ላይ ደግሞ መይሳው ካሳ ነው። ሠርግ ቤት ጠላው ሲሞቅ አንዱ ብድግ ብሎ ሲፎክር ልብ ብላችሁ አዳምጡ። ከቴዎድሮስ ይልቅ ካሳ የሚለውን ትሰማላችሁ።

ቴዎድሮስ ጎንደርን አቃጥለው የለ? ጎንደሬ እንዴት በስማቸው ልጁን ይጠራል?

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። በተለይ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ግራ ይገባዋል። አውሮፕላን ማረፊያችን አፄ ቴዎድሮስ ይባላል። ዩኒቨርሲቲው ቴዎድሮስ የሚባል ግቢ አለው። መሐል ከተማ ላይ ሐውልታቸው ቆሟል። የቆመበት ከተማ ግን ያቃጠሉት ከተማ ነው።

አዎ፣ አቃጥለዋል። ቴዎድሮስና የጎንደር ካህናት ቀድሞም አልተስማሙም። የቤተ ክርስቲያንን መሬት መቀነስ ፈልገው ነበር፤ ካህናቱ እምቢ አሉ። መናገሻቸውንም ደብረ ታቦር አደረጉ። በኋላ አገሩ ሁሉ ሲሸፍትባቸው ከተማዋ ከአማፅያን ጋር ወግናለች ብለው ተቆጡ። በ1859 ዓ.ም. መጥተው ዘረፏት፣ አብዛኞቹን አብያተ ክርስቲያናትም በእሳት አወደሙ። የብራና መጻሕፍቱን አስጭነው ወደ መቅደላ ላኩ፤ እዚያ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሊያደርጓቸው ነበር። በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች መቅደላ ሲገቡ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሞቱ። መጻሕፍቱም ከሌላው ምርኮ ጋር በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጫኑ። ከእነሱ ወደ 350 የሚሆኑት ለንደን ገቡ። ዛሬ «መቅደላ» ሲባል እንቆጫለን። ከመቅደላ በፊት የማን እንደነበሩ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። ብዙዎቹ የጎንደር ነበሩ።

ታዲያ ጎንደሬ ይህን ረስቶት ነው? አልረሳውም። አያቴ ስለ ተቃጠሉት ታቦታት ስታወራ «ቴዎድሮስ አቃጠሏቸው» ነበር የምትለው። ስለ ጀግንነት ስታወራ ግን «ካሳ እኮ...» ብላ ነበር የምትጀምረው። አንድ ጊዜ «አያቴ፣ አንድ ሰው እኮ ናቸው» አልኋት። «ማን ጠየቀህ?» አለችኝ። እኔ መልሱን ያገኘሁት እዚያ ላይ ነው። ጎንደር ሰውየውን ለሁለት ከፍላዋለች። ሽፍታው፣ የኮሶ ሻጯ ልጅ፣ መሳፍንቱን አንድ በአንድ የጣለው የእኛ ነው፤ እሱ ካሳ ነው። ችቦ ይዘው የመጡት ንጉሡ ናቸው። ቤት ለቤት ለልጅ የሚወጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ስም ነው፤ ቢያንስ በእኔ አያት ዘመን እንዲያ ነበር። አሁን አሁን ቴዎድሮስም በዝቷል፤ ሰፈራችን ብቻ ስንት ቴዲ አለ።

አፄ ዮሐንስም ካሳ ነበሩ ይባላል። ይሄ ግጥምጥሞሽ ነው?

ግጥምጥሞሽ ነው፣ ግን እንዴት ያለ ግጥምጥሞሽ!

ካሳ ምርጫ የትግራይ ሰው ነው። በፈረሱ ስም በዝብዝ ካሳ ይባላል። እንግሊዞች ወደ መቅደላ ሲያልፉ መንገድ የሰጣቸውና ስንቅ እንዲያገኙ የረዳቸው እሱ ነበር። የዘመኑ እንግሊዞች ጽሑፍ ላይ «ካሳይ» ተብሎ ታገኙታላችሁ። ከላይ ካሕሳይ ያልኋችሁ እዚህ ላይ ትጠቅማለች፤ ስሙን የሰሙት በትግርኛ ነበር። ሲመለሱ መድፍና 850 ያህል ጠመንጃ ተዉለት። በ1863 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ በዚያ መሣሪያ አድዋ አጠገብ ከቴዎድሮስ በኋላ የነገሡትን አፄ ተክለ ጊዮርጊስን አሸነፈ። ተክለ ጊዮርጊስ የእህቱ ባል ነበሩ። በ1864 ዓ.ም. ጥር ላይ አክሱም ገብቶ ዮሐንስ ተብሎ ነገሠ።

እንግዲህ አስቡት። አንዱን ካሳ የጣለው ዘመቻ ሌላውን ካሳ አነሣ። ሁለቱም አማቾቻቸውን አሸንፈው ነው የነገሡት። ሁለቱም ሲነግሡ ካሳ የሚለውን ስም ደጅ አስቀምጠው ገቡ።

ጎንደር በዚህኛውም ታሪክ ውስጥ አለች። በ1880 ዓ.ም. ጥር ላይ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደምቢያ ውስጥ ሳር ውኃ ላይ ከሱዳን በመጡ ደርቡሾች ተሸነፉ። የደርቡሾቹ አዛዥ አቡ አንጃ ጎንደር ገብቶ ቤተ ክርስቲያን አቃጠለ፣ ሰውም ማርኮ ሄደ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ብቻ የተረፈችው ንብ ወጥቶ ወታደሮቹን ስላባረረ ነው ይባላል። ዮሐንስ በሚቀጥለው ዓመት ጦራቸውን ይዘው መተማ ወረዱ። መጋቢት 1881 ዓ.ም. ድል ሊያደርጉ ሲቃረቡ በጥይት ተመተው ሞቱ። ጭንቅላታቸው ኦምዱርማን ተወሰደ። አጎቴ ይህን ታሪክ ሲያወራ ሁልጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚጨርሰው፦ «አንዱ ካሳ ያቃጠላትን አገር አንዱ ካሳ ሊክሳት ሄዶ ቀረ።» ለታሪክ መምህር አይበቃም፤ ዮሐንስ የዘመቱት ለጎንደር ብቻ አልነበረም። ግን ከአጎቴ ጋር አትከራከሩም።

ልዑል ራስ ካሳ ኃይሉ ከቴዎድሮስ ጋር አንድ ሰው ናቸው?

አይደሉም! ተማሪዎችን ከሁሉ በላይ የምታሳስት እቺ ነች። ሁለቱም በስምም በአባት ስምም ካሳ ኃይሉ ናቸው።

ልዑል ራስ ካሳ የተወለዱት በ1873 ዓ.ም. ነው፤ ማለት ቴዎድሮስ ከሞቱ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ። በእናታቸው የራስ ዳርጌ የልጅ ልጅ፣ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘር ናቸው፤ አባታቸው ከላስታ ናቸው። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከሞቱበት ከ1922ቱ የአንቺም ጦርነት በኋላ በጌምድር ለእሳቸው ተሰጠ፤ ስለዚህ ጎንደርም በካሳ ሥር ነበረች ማለት ነው። ጣሊያን ሲመጣ በሰሜን ግንባር ጦር መርተው ተምቤን ላይ ተዋግተዋል። እሳቸው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ስደት ሲወጡ አገር ውስጥ የቀሩት ሦስቱ ልጆቻቸው ወንድወሰን፣ አበራና አስፋወሰን በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን እጅ ተገደሉ። የተረፉት አስራተ ካሳ ደግሞ በ1967 ዓ.ም. በደርግ ተረሸኑ። ልዑል ራስ ካሳ ያንን ሳያዩ በ1949 ዓ.ም. አርፈዋል።

ሌሎች በስሙ የታወቁ ሰዎች እነማን ናቸው?

ክራሩን ይዞ ሲያንጎራጉር ሰው የሚያስተክዘው ካሳ ተሰማ አለ፤ የክቡር ዘበኛ ሰው ነበር። እሱን ያልሰማ በምሽት ብቻውን ሆኖ ይስማው። በፖለቲካው በኩል የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ካሳ ተክለ ብርሃን አሉ። ካሳዬ አራጌን ኳስ የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል፤ በኢትዮጵያ ቡና መጀመሪያ በተጫዋችነት፣ በኋላም በአሠልጣኝነት።

ካሳሁን ሲባል ደግሞ ቴዲ አፍሮ ይታወሰኛል። ሙሉ ስሙ ቴዎድሮስ ካሳሁን ነው። የንጉሡን ሁለት ስም አንድ ላይ ተሸክሞ የሚዞር ዘፋኝ ነው። ጎንደር ውስጥ ይህን ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ ታክሲ ውስጥ ሕፃኑ ሳይቀር ያውቀዋል።

ካሳ ነው ካሣ? በእንግሊዝኛስ እንዴት ይጻፋል?

በአማርኛ ሁለቱም ይጻፋል፤ ሲነበብ ልዩነት የለውም። በእንግሊዝኛ አንዱ በአንድ ኤስ፣ ሌላው በሁለት ኤስ ይጽፋል። ጣጣው የሚመጣው አንዱ ወረቀት ላይ አንድ፣ ሌላው ላይ ሁለት ሲሆን ነው። አጎቴ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዶ «ይሄ ሰው አንተ አይደለህም» ተብሎ ተመልሷል። መታወቂያው ላይ አንድ ኤስ፣ የባንክ ደብተሩ ላይ ሁለት ኤስ ነበር። ሁለቱም ወረቀቶች ላይ ፎቶው ያው ነው፤ ጢሙም ያው። ለማስተካከል አራት ቀን ፈጀ። ምክሬ፦ በልደት የምስክር ወረቀት ላይ የተጻፈውን ያዙና ከዚያ ንቅንቅ አትበሉ።

ልጆች በስሙ አይቀልዱበትም?

ይቀልዳሉ እንጂ። ቀጠን ያለ ልጅ ከሆነ «ካሳ ከሳ» የማይቀር ነው። ሰፈሩ ለመንገድ ከፈረሰ ደግሞ «ስንት ብር ተከፈለህ?» ይሉታል። ሁለቱም እስከ ስምንተኛ ክፍል ያልቃሉ።

ትልቅ ሰው ሲሆን ምን ተብሎ ይጠራል?

ከተማ ውስጥ ጋሽ ካሳ። ገጠር ወጣ ካላችሁ አያ ካሳ። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነን ሰው ካሳ ብሎ ባዶውን መጥራት የሚችሉት እናቱና እኩዮቹ ብቻ ናቸው።

አሁንም ለሕፃናት ይወጣል?

እኔ እንደማየው ስሙ እየሸሸ ነው። ክርስትና ላይ ስጠራ የምሰማቸው ናሆም፣ ኢዮስያስ፣ ሶልያና፣ ማራማዊት ናቸው። ካሳን ይበልጥ የማገኘው በአባት ስም ነው፤ እገሌ ካሳ፣ እገሊት ካሳ። ክትባቱ ይመስገን፣ ካሳ የሚያስፈልገው ቤት ቀንሷል። እንደ ስም አፍቃሪ ይቆጨኛል፣ እንደ ሰው ግን ደስ ይለኛል።

ምንም ሐዘን ሳይደርስብን ልጃችንን ካሳ ብንለው ነውር ነው?

ነውር የለውም። ብዙ ሰው ለአያት ክብር ብሎ ያወጣዋል። ግን መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ጠይቁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የአጎቴ ልጅ ባለፈው ወር ወንድ ወልዳለች። በአባቷ ስም ካሳ ልትለው ፈልጋ፣ ገንፎው ተበልቶ ሲያበቃ ሰው ፊት አወጀች። ሁሉም እልል አለ። አጎቴ ብቻ ማንኪያውን አስቀመጠና «እኔ ሳልሞት ምን ጠፋብሽና ነው ካሳ የምትፈልጊው?» አላት።

እስካሁን አልተስማሙም። ክርስትናው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ልጁ ለጊዜው ማሙሽ እየተባለ ነው።